የሚያበራ ሰርፋክታንት እና መልኳን የምትለዋውጥ ጠብታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ያነሳል። «በሚለዋወጥ ኢመልሽን ውስጥ ያለ ፍሎረሰንት ሰርፋክታንት» የሚለው ስሙ ያስፈራል። ነገሩ ግን የስሙን ያህል አይከብድም። ከሳሙና ይጀምራል፣ ብርሃን ላይ ይደርሳል።

ከስሙ እንጀምር። ምን ማለት ነው?

ኢመልሽን የሚባለው አንዱ ፈሳሽ በሌላው ውስጥ በጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኖ ሲቀመጥ ነው። የእጅ ሎሽን ኢመልሽን ነው። ዘይትና ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ብትንጡትም ለጥቂት ሰከንድ ኢመልሽን ይሆናል። ወዲያው ግን ጠብታዎቹ እየተገናኙ ይዋሃዱና ዘይቱ ተመልሶ ከላይ ይሰፍራል። እንዳይዋሃዱ የሚከለክላቸው ሰርፋክታንት ነው። እያንዳንዷን ጠብታ ዙሪያዋን ያለብሳታል።

አንዳንድ ጠብታዎች ቀስቃሽ ሲያገኛቸው ይለወጣሉ። ብርሃን፣ ሙቀት፣ አሲድ ወይም አንድ የተለየ ኬሚካል ሲደርስባቸው ቅርጻቸውን ይቀይራሉ፣ ይገለበጣሉ፣ አለዚያም ጭራሽ ይፈርሳሉ። ፍሎረሰንት ሰርፋክታንት ደግሞ በዚያ ልብስ ውስጥ የሚያበራ ክር እንደመሸመን ነው። ጠብታዋን ደግፎ የሚያቆማትም፣ ምን እንደደረሰባት የሚነግረንም ያው ሞለኪውል ይሆናል።

ሰርፋክታንት ማለት ሳሙና ነው እንዴ?

ሳሙና ሰርፋክታንት ነው። ሰርፋክታንት ሁሉ ግን ሳሙና አይደለም። የጋራ ጠባያቸው አንድ ነው፤ ጭንቅላታቸው ውሃ ይወዳል፣ ጅራታቸው ውሃ ይሸሻል። ስለዚህ ሁለቱም የሚደላቸው ዘይትና ውሃ የሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። እዚያ ሲሰፍሩ በድንበሩ ላይ ያለው ውጥረት ይረግባል። ድንበሩ ከሞላና ውሃው ውስጥም ከበዙ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ ደብቀው ሚሴል የሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎችን ይሠራሉ። በብዙ ላብራቶሪ የማይጠፋው ኤስዲኤስ የሚባለው ሰርፋክታንት ለምሳሌ ሚሴል መሥራት የሚጀምረው በንጹሕ ውሃ ውስጥ 8 ሚሊሞላር አካባቢ ሲደርስ ነው። በአንድ ሊትር 2.3 ግራም ገደማ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ቆይቶ ያስፈልገናል።

ፍሎረሰንት እና ፍሎሪን ያለበት አንድ ናቸው?

አይደሉም። በዚህ መስክ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አይፈረድበትም። ሁለቱም ቃላት የወጡት ፍሎራይት ከሚባለው ማዕድን ነው። ማዕድኑ ካልሲየም ፍሎራይድ ነው፤ ስለዚህ ፍሎሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ስሙን ከእሱ ወሰደ። በ1852 ደግሞ ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ አንዳንድ ነገሮች የማይታየውን አልትራቫዮሌት ተቀብለው የሚታይ ብርሃን እንደሚመልሱ ሲጽፍ፣ ክስተቱን ፍሎረሰንስ ያለው በዚሁ በሚያበራው ማዕድን ስም ነው። የሚገርመው፣ ፍሎራይትን በአብዛኛው የሚያበራው ፍሎሪኑ አይደለም። ውስጡ የገቡ እንደ ዩሮፒየም ያሉ እንግዳ አተሞች ናቸው።

ፍሎረሰንት ማለት እንግዲህ ብርሃን ተቀብሎ፣ ጥቂት ጉልበት አባክኖ፣ በረዘመ የሞገድ ርዝመት መልሶ የሚያበራ ነው። ሰማያዊ ሰጥታችሁት አረንጓዴ ይመልስላችኋል። ፍሎሪን ያለበት ማለት ግን ጅራቱ ላይ በሃይድሮጅን ፋንታ ፍሎሪን የተሰካበት ነው፤ ይህኛው በራሱ አያበራም። ጣጣው ሁለቱም በአንድ ብልቃጥ ውስጥ መግባታቸው ነው። ፍሎሪን ያለበት ጅራት ፍሎሪን ያለበትን ዘይት ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ የሚያበራውን ቀለም እንፈልጋለን። አንድ ሞለኪውል ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መለያ ወረቀት ላይ አሳጥራችሁ «ፍሎ» ብላችሁ አትጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው እንደሆነ ራሳችሁም አታውቁትም።

ቀለሙን ዘይቱ ውስጥ ማሟሟት አይበቃም?

ለአንዳንድ ጥያቄ ይበቃል። ዘይቱ የት እንዳለ ማየት ብቻ ከፈለጋችሁ ዘይት ውስጥ የሚሟሟ ቀለም ጨምሩና ጨርሱ።

ግን የምንፈልገው ነገር ያለው ጠብታዋ ቆዳ ላይ ነው። ቆዳው ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለማየት ይህን አስቡ። የሰርፋክታንት ንብርብር ውፍረቱ 2 ናኖሜትር ቢሆንና የጠብታዋ ስፋት 50 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ ጠብታዋ ከቆዳዋ 25,000 ጊዜ ትበልጣለች። ጠብታዋን 25 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ብናደርጋት ቆዳዋ የአንድ ሚሊሜትር ቅብ ነው። ቀለሙን ዘይቱ ውስጥ ስናሟሟ ሕንፃውን በሙሉ መብራት ሞላነው ማለት ነው፤ ቅቡ ላይ ምን እንደተፈጠረ ማን ያያል? ቀለሙን ከሰርፋክታንቱ ጋር በኬሚካዊ ትስስር ካያያዝነው ግን ቅቡ ብቻ ይበራል።

ሌላም ጥቅም አለው። ሰርፋክታንት ድንበሩ ላይ ተቸንክሮ አይቀርም፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። የሚያበራው ሰርፋክታንት ድንበሩን ሲለቅ ብርሃኑም አብሮት ይሄዳል። ያ መልእክት ነው።

ጠብታዋ «ትለወጣለች» ሲባል በትክክል ምን ታደርጋለች?

በጣም የምወደው ምሳሌ በ2015 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ነው። ሎረን ዛርዛር፣ ቲሞቲ ስዋገር እና ባልደረቦቻቸው ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሄክሴን እና ፐርፍሎሮሄክሴን የሚባሉ ሁለት ዘይቶችን ተጠቀሙ። ሁለቱ ዘይቶች ቀዝቀዝ ሲል አይዋሃዱም። ከ23 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በላይ ሲሞቁ ግን አንድ ፈሳሽ ይሆናሉ። ዘዴው እዚህ ላይ ነው። አሙቀው አንድ አደረጓቸው፣ ያንን አንድ ፈሳሽ ውሃ ውስጥ በተኑት፣ ከዚያ አቀዘቀዙት። እያንዳንዷ ጠብታ በሆዷ ውስጥ ለሁለት ተከፈለች። ሁሉም ጠብታዎች ከአንድ ድብልቅ ስለመጡ የሁለቱ ዘይቶች ጥምርታ በሁሉም ውስጥ አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ከውጭ ማን ከውስጥ እንደሚሆን የሚወስነው ሰርፋክታንቱ ነው። ጅራቱ ፍሎሪን ያለበት ሰርፋክታንት ሲበዛ ፍሎሪን ያለው ዘይት፣ ማለትም ፐርፍሎሮሄክሴኑ፣ ወደ ውጭ ወጥቶ ሄክሴኑን ይጠቀልለዋል። ኤስዲኤስ ሲበዛ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሄክሴኑ ጠቅላይ ይሆናል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ጠብታዋ ግማሽ በግማሽ ትሆናለች። ይህችኛዋ የጃኑስ ጠብታ ትባላለች። ጃኑስ በሮማውያን ዘንድ ሁለት ፊት ያለው የበር አምላክ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ጠብታዋ ከውጭ ስትታይ ክብ እንደሆነች ነው፤ የሚለዋወጠው ውስጧ ነው። በሁለቱ ዘይቶች መካከል ያለው ውጥረት በጣም አነስተኛ ስለሆነ የውጩን ቅርጽ የሚያጎብጥ አቅም የለውም።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን ይመስላል?

አብረን እንይ። ስላይድ ላይ ትንሽ ኢመልሽን አድርገናል። ያስገባነው አብሪ ሰርፋክታንት ጅራቱ ፍሎሪን ያለበት ነው እንበል። መብራቱን አጥፍተን ማስነሻውን ብርሃን ስናበራ፣ በጨለማው ውስጥ ቀለበቶች ይታያሉ። ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ከሆነ ቀለበቱ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ መሣሪያው ጠብታዋን በስሱ ቆርጦ አንዱን ገጽ ብቻ ስለሚያሳይ ነው። ተራው ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ጠርዙ የደመቀ፣ መሐሉ ብዥ ያለ ክብ ነው የሚያሳየው።

አሁን ከስላይዱ ጠርዝ በኩል ኤስዲኤስ ቀስ እያልን እናስገባ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቀለበቶቹ ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ሄክሴኑ ከውሃው ጋር የሚገናኝበት በር እያገኘ ነው። ክፍተቱ እየሰፋ ይሄድና ቀለበቱ ጨረቃ ይሆናል፣ ጨረቃዋም ትሳሳለች። በመጨረሻ ሄክሴኑ ጠብታዋን ዙሪያዋን ይዘጋታል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፐርፍሎሮሄክሴን ከባድ ነው፤ እፍጋቱ 1.7 ግራም በሚሊሊትር ይጠጋል፣ የሄክሴን ግን 0.66 ነው። ስለዚህ የጃኑስ ጠብታ ከባዱን ፊቷን ወደ ታች አድርጋ ትቀመጣለች። ከላይ ስታዩዋት ጨረቃ የለም፣ ክብ ብቻ ነው። ጨረቃዋን ለማየት ከጎን መመልከት ያስፈልጋል። አንዳንዶች ማይክሮስኮፑን ራሱን ያስተኙታል። ሲያዩት ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ቀስቃሾቹ ምን ምን ናቸው?

ብርሃን ዋናው ነው። አዞቤንዚን የሚባል ሞለኪውል በ365 ናኖሜትር አካባቢ ባለ አልትራቫዮሌት ሲመታ ይታጠፋል፣ በሰማያዊ ብርሃን ተመልሶ ይዘረጋል። በብርሃን የሚታጠፍ መሆኑን በ1937 ያሳየው ሃርትሊ የሚባል ኬሚስት ነው። ይኸው ሰው ሚሴሎች ክብ ናቸው ብለው ከተከራከሩት ቀደምት ሰዎችም አንዱ ነው፤ ሁለቱ ሥራዎቹ በአንድ ጠብታ ላይ ይገናኛሉ ብሎ የጠበቀ አይመስለኝም። ሰርፋክታንት ጅራት ውስጥ አዞቤንዚን ከተሰካ በመብራት ብቻ ጠብታን መገልበጥ ይቻላል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድም ቀስቃሽ ይሆናል። በ2006 የፊሊፕ ጄሶፕ ቡድን ሳይንስ መጽሔት ላይ ጋዙ ሲነፋበት ሰርፋክታንት የሚሆን፣ እየሞቀ ሌላ ጋዝ ሲነፋበት ጠባዩን የሚተው ሞለኪውል አሳይቷል። ከዚህ ሌላ አሲድ፣ ጨው፣ ሙቀት እና ሰርፋክታንቱን የሚቆርጥ ኢንዛይም አሉ። የኢንዛይሙ ጥሩ ነው፤ ኢንዛይሙ መኖሩን ጠብታዋ ራሷ ትናገራለች።

ብርሃኑ ደመቀ ማለት ሰርፋክታንቱ በዛ ማለት ነው?

አይደለም። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የሚያበራው ሞለኪውል ምስክር ነው፤ ምስክር ግን መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል።

አንደኛ፣ ብዙ ቀለሞች ሲጠጋጉ እርስ በርስ ይደባበዛሉ። ድንበሩ ላይ ደግሞ መጠጋጋት ግድ ነው። ሰርፋክታንቱ እየበዛ ብርሃኑ እያነሰ ሊሄድ ይችላል። በተቃራኒው ሲጠጋጉ ብቻ የሚያበሩ ቀለሞችም አሉ። በ2001 የቤን ዦንግ ታንግ ቡድን ያስተዋወቃቸው ናቸው። ስለዚህ አንዱ ቀለም «በዛ» ሲላችሁ ሌላው በዚያው ሁኔታ «አነሰ» ይላችኋል።

ሁለተኛ፣ ቀለሙ ራሱ ቀስቃሹን ይሰማል። እኔ የተቃጠልኩት በዚህ ነው። ፍሎረሲን የሚባል አብሪ ቀለም የተያያዘበት ሰርፋክታንት ይዤ አሲድ ጨመርኩ። ጠብታዎቹ ደበዘዙ። ሰርፋክታንቱ ድንበሩን ለቆ ሄደ ብዬ ደስ አለኝ፣ ሥዕል ሁሉ ሣልኩ። አንድ ሰው መጥቶ «ቀለሙን ብቻውን ውሃ ውስጥ አድርገህ አሲድ ጨምርበት እስቲ» አለኝ። ጨመርኩ። ደበዘዘ። ፍሎረሲን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6.4 አካባቢ ሲወርድ ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል፤ ጠብታ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ግማሽ ቀን ያጠናሁት ጠብታዬን ሳይሆን ቀለሜን ነበር። ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ሦስተኛ፣ ማስነሻው ብርሃን ቀለሙን ያነጣዋል። በእያንዳንዱ እይታ ጥቂት ሞለኪውሎች ይሞታሉ። መደብዘዙ ከቀስቃሹ ይሁን ከመብራቱ የሚታወቀው ቀስቃሽ ያልነካው ጎረቤት ናሙና ለዚያኑ ያህል ጊዜ ሲበራበት ነው።

አራተኛ፣ ከላይ ያዙት ያልኩት ቁጥር፣ ሚሴል መሠራት የሚጀምርበት 8 ሚሊሞላር። ሚሴሎች ከበዙ የሚያበራው ሰርፋክታንት እነሱ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ራሱ ይደምቃል። ያኔ ቀለበቱ የጠፋ ይመስላል። የጠፋው ግን ንፅፅሩ ነው፤ ጀርባው ስለደመቀ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ከድምቀት ይልቅ የሁለት ቀለሞችን ጥምርታ መለካት። ፓይሪን የሚባለው ሞለኪውል ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ብቻውን ሲሆን ከ375 እስከ 400 ናኖሜትር ባለው ወይን ጠጅ ክልል ያበራል። ሌላ ፓይሪን አጠገቡ ሲያገኝ ግን ሁለቱ ተጣብቀው 470 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ ያወጣሉ። ሁለቱን አካፍሉ። መብራቱ ቢዳከም፣ ጠብታዋ ከትኩረት ትንሽ ብትወጣ ሁለቱም አብረው ይቀንሳሉ፤ ጥምርታው ብዙም አይነቃነቅም። ሞለኪውሎቹ መቀራረብና መራራቃቸውን በቀጥታ ይነግራችኋል። ጉልበት ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ የሚሻገርበት ፍሬት የሚባለው ዘዴም እንዲሁ ነው። የሚሠራው ከ1 እስከ 10 ናኖሜትር ባለ ርቀት ስለሆነ ለዚህ ስስ ቆዳ ልክ ነው።

ቀለም የተሸከመ ሰርፋክታንት ሥራውን እንደ ወትሮው ይሠራል?

ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ቀለም ግዙፍ ነው። ፔሪሊን ወይም ሮዳሚን በአንድ ቀጭን ጅራት ላይ ማሰር በአንድ ልጅ ጀርባ ላይ ቁምሳጥን እንደመጫን ነው። ውሃ የሚጠላ ቀለም ጭንቅላቱ ላይ ካሰራችሁ፣ ሞለኪውሉ በየት በኩል እንደሚቆም ግራ ይገባዋል።

የተለመደው መፍትሔ ከብዙ ተራ ሰርፋክታንት መሐል ጥቂት አብሪ ብቻ መቀላቀል ነው፣ ለምሳሌ ከመቶ አንድ። ከዚያ የድንበሩን ውጥረት ከተንጠለጠለች ጠብታ ቅርጽ በሚያሰላው በተንጠልጣይ ጠብታ ዘዴ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ አንዴ ከአብሪው ጋር፣ አንዴ ያለ አብሪው። ቁጥሩ ካልተለወጠ ምስክሩ ጉዳዩ ውስጥ እጁን አላስገባም።

አዞቤንዚንና የሚያበራ ቀለም አብረው ይሄዳሉ?

በጥንቃቄ። ቀለሙን ለማየት የምታበሩት ሰማያዊ መብራት ያንኑ አዞቤንዚን ይዘረጋዋል። ለማየት ብላችሁ ቀሰቀሳችሁት ማለት ነው። በአረንጓዴ ወይም በቀይ የሚነሳ ቀለም ምረጡ፤ አዞቤንዚኑ ወደዚያ ብዙም አያይም።

ለምን ይጠቅማል?

ብዙ ነገር ይባላል፤ መድኃኒት መሸከም፣ ጥቃቅን ሌንስ መሆን። ለእኔ የሚያሳምነው ባክቴሪያ መለየት ነው። በ2017 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ማክስ ፕላንክ ከሚባለው የጀርመን የምርምር ተቋም ባልደረቦቻቸው ጋር ማኖስ የሚባል ስኳር ጭንቅላቱ ላይ ያለ ሰርፋክታንት ለጃኑስ ጠብታዎች አለበሱ። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ማኖስን ይይዛል። ሲይዝ ጠብታዎቹ እርስ በርስ ይጣበቁና ሚዛናቸውን ስተው ያዘነብላሉ። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ብርሃን ያሳልፋሉ፣ ሲያዘነብሉ ይበትኑታል።

አብሪ ቀለም ሲጨመር ነገሩ ይበልጥ ያምራል። ሄክሴን ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.38 ገደማ ነው፣ የፐርፍሎሮሄክሴን 1.25። ሄክሴኑ ውስጥ የተነሳ ብርሃን የሁለቱን ድንበር ከ65 ዲግሪ በበለጠ ማዕዘን ሲመታ አያልፍም፣ ተመልሶ ይነጸባረቃል። ስለዚህ ብርሃኑ ከጠብታዋ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይወጣም። ጠብታዋ ስታዘነብል ወደ መለኪያው የሚደርሰው ብርሃን ይለወጣል። ያንን ለማየት ማይክሮስኮፕ እንኳ ግድ አይደለም፤ ተራ የብርሃን መለኪያ ይበቃል።

ጉዳት የለውም?

የሚያሳስበው ፍሎሪን ያለበት ክፍል ነው። ረጅም የፍሎሪን ጅራት ያላቸው ኬሚካሎች አካባቢ ውስጥ በቀላሉ አይበሰብሱም። ከነሱ መካከል ፒፎስ በ2009፣ ፒፎአ ደግሞ በ2019 የማይበሰብሱ በካይ ኬሚካሎችን በሚገድበው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ላብራቶሪ ውስጥ የምትጠቀሙት ሰርፋክታንት ከነሱ የተለየ ቢሆንም ቅሪቱን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አትድፉት፤ ለብቻው በዕቃ አጠራቅሙት። ሄክሴን ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፣ ትነቱም ለነርቭ ጎጂ ነው። የጭስ መውጫ ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ሥሩ።

ጠብታዎቼ ድንገት ግማሽ በግማሽ መሆናቸው ቀረ። ምን አበላሸሁ?

መጀመሪያ ቴርሞሜትር እዩ። ሁለቱ ዘይቶች የሚዋሃዱበት ሙቀት ከተራ ክፍል ሙቀት ብዙ አይርቅም። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ፣ የማይክሮስኮፑ መብራት ስላይዱን ሲያሞቀው፣ ወይም ስላይዱን በጣታችሁ ይዛችሁ ስትቆዩ ውስጣዊው ድንበር እየደበዘዘ ይጠፋል። ስላይዱን ቀዝቃዛ ብረት ላይ አስቀምጡትና ጠብቁ። በየጠብታዋ ውስጥ በመጀመሪያ ደመና ይነሳል፣ ደመናው ወደ ጥቃቅን ኳሶች ይሰበሰባል፣ ኳሶቹ እየተዋሃዱ ሁለቱ ፊቶች ይመለሳሉ። ካልተመለሱ ሰርፋክታንቱን ጠርጥሩ።